የቀድሞ ፎቶግራፎችና የጥንት ቤተ መንግሥቶቻችን፤ ከይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ አኳያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




ስለ ላስታ ጥንታዊ ሕንፃዎች እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ድንጋይ የመሸከም ኀይል፣ ስለ መሠረት መስመጥና ስለ እንጨት መበስበስ እንደምናገር ሳትጠብቁ እንዳልቀራችሁ እገምታለሁ። እነዚህ የሙያችን መደበኛ ጉዳዮች ናቸውና መጠበቃችሁ ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ የመረጥሁት ስለ ፎቶግራፍ መናገርን ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፤ የቆየ ሕንፃ ለመጠገን የሚነሣ መሐንዲስ ከማናቸውም መሣሪያ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የሕንፃው የትናንት ሁኔታ ማስረጃ ነው።

የዛሬውን ሁኔታ ሕንፃው ራሱ ይነግረናል። የስንጥቁን ስፋት ለክተን፣ የግድግዳውን ዝንባሌ በመሣሪያ አይተን እንመዘግባለን። ይሁን እንጂ ስንጥቁ የመቶ ዓመት ነው ወይስ የአምስት ዓመት? ግድግዳው ከጥንት ጀምሮ ዘንበል ብሎ ጸንቶ የኖረ ነው ወይስ ከዓመት ወደ ዓመት እየዘመመ የሚሄድ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ድንጋዩ ብቻውን መልስ አይሰጥም። የመጀመሪያው ስንጥቅ ከሆነ ትዕግሥት ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ከሆነ ግን አንድ ክረምት እንኳ መዘግየት ያስጠይቃል። በሁለቱ መካከል የሚፈርደው ከዓመታት በፊት በዚያው ስፍራ የቆመ ሰው የተወልን ምስክርነት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፣ ለማነጻጸር ያመቹ ዘንድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ

ነገሬን ከሩቅ ልጀምር። በ1883 የኮሪያ መንግሥት መልእክተኞቹን ወደ አሜሪካ በላከ ጊዜ፣ ፐርሲቫል ሎውል የተባለ የቦስተን ተወላጅ የቡድኑ የውጭ ጉዳይ ጸሐፊና አማካሪ ሆኖ አገለገለ። ስለዚህም አገልግሎቱ የንጉሥ ጎጆንግ እንግዳ ሆኖ ወደ ሴኡል ተጓዘ። በ1884 ንጉሡንና የቤተ መንግሥቱን ስፍራዎች በፎቶግራፍ አነሣ። ይህ ሰው በኋላ ዘመን ስለ ማርስ ፈለክ ባደረገው ምርምር ስሙ የገነነ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። በኮሪያውያን ዘንድ ግን የሚታወሰው ካሜራ ይዞ ወደ ንጉሡ ግቢ በመግባቱ ጭምር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ጃፓን በ1910 ኮሪያን ቅኝ ግዛቷ ካደረገች ወዲህ፣ ከሴኡል ቤተ መንግሥቶች ዋነኛው የሆነው ግዮንግቦክጉንግ አብዛኛው ሕንፃው ፈረሰ። ጓንግሁዋሙን የተባለው ዋና በሩ ከቦታው ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ፤ በኮሪያ ጦርነትም ጊዜ ጠፋ። በ1968 በሩ በኮንክሪት ተሠራ። ኮሪያውያን በ1990 ቤተ መንግሥቱን ወደ ቀድሞ መልኩ የመመለስ ሰፊ ሥራ ጀመሩ፤ በዚህም ሥራ ያ የኮንክሪት በር ፈርሶ፣ በ2010 በእንጨትና በድንጋይ፣ በጥንት ቦታው ላይ ዳግመኛ ቆመ።

የ1968ቱ ሥራ ከጥንካሬ ጉድለት የተነሣ አልፈረሰም። ያፈረሰው ሥራው ከጥንቱ ጋር አለመገናኘቱ ነው፤ ቦታው የጥንቱ ቦታ፣ ቁሱም የጥንቱ ቁስ አልነበረም። እንዲህ ባለ የመመለስ ሥራ ቁፋሮ፣ የቤተ መንግሥት መዝገብና የቆየ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ቆመው ይመሰክራሉ። መዝገብ ስለ ስምና ስለ ዘመን፣ ቁፋሮ ስለ መሠረት ይናገራል። ስለ ጣሪያው ቁልቁለት፣ ስለ ክፈፉ አወጣጥ፣ ስለ መስኮቱ አከፋፈል የሚናገረው ግን ፎቶግራፍ ነው።

ካሜራ ወደ አገራችን የመጣበት መንገድ

በአገራችንም ካሜራ ወደ ነገሥታት ግቢ የገባው በአብዛኛው ከጦርና ከመልእክተኛ ጋር ነው። ጄኔራል ናፒየር በ1867ና በ1868 ወደ መቅደላ ባዘመተው የእንግሊዝ ሠራዊት ውስጥ የመሐንዲሶች ጓድ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። የሙያ አባቶቻችን ብንላቸው አናጋንንም፤ የካርታና የፎቶግራፍ ሥራ በዚያ ዘመን በአንድ ክፍል ይሠራ ነበርና። ሠራዊቱ ከዙላ ተነሥቶ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አልፎ የላስታን ምሥራቃዊ ደጋ እያቋረጠ በሙጃ በኩል ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ ተሻገረ። የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ከዚህ መንገድ ውጭ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ማዶ ነው። ካሜራ በላስታ ምድር አለፈ፤ ጉዳዩ ግን መድፍና መንገድ ነበር።

ከዚሁ ዘመቻ ጋር የመጣው ጀርመናዊው ተጓዥ ጌርሃርድ ሮልፍስ በመልስ መንገዱ ላሊበላን ጎብኝቶ ስለ ፍልፍሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ጻፈ። ይኸው ሰው በ1880 ወደ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተላከ የጀርመን መልእክተኛ ሆኖ ተመልሷል። የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው አሺል ራፍሬም በ1882 ፓሪስ ላይ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ፕላንና ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ ስለ ላስታ ሕንፃዎች ለውጭው ዓለም የተሰጡት የ19ኛው መቶ ዘመን ምስክርነቶች ከቆንስልና ከመልእክተኛ እጅ የወጡ ናቸው ማለት ነው።

ስለ ምን በፎቶግራፍ ፈንታ በእጅ ሥዕል ያዙ? መልሱ በከፊል የኬሚስትሪ ነው። እስከ 1870ዎቹ መጨረሻ ድረስ የታወቀው የፎቶግራፍ አሠራር በ1851 ፍሬዴሪክ ስኮት አርቸር ያስተዋወቀው የእርጥብ ሰሌዳ ዘዴ ነበር። አንሺው የመስተዋቱን ሰሌዳ ኮሎዲዮን በተባለ ፈሳሽ ቀብቶ፣ በብር ናይትሬት ነክሮ፣ ሳይደርቅ ማንሣትና እዚያው ማጠብ ነበረበት። ስለዚህ የጨለማ ድንኳን፣ ንጹሕ ውሃ፣ ብዙ ጠርሙስና የሚሰበር መስተዋት በበቅሎ ጭኖ መዞር ግድ ነበር። በሜዳ ላይ ለተተከለ የጦር ሰፈር ይህ ይቻል ነበር፤ ፀሐይ ለማይገባበት ዋሻ ግን እጅግ ያስቸግራል። ሪቻርድ ማዶክስ በ1871 ያመለከተው የደረቅ ሰሌዳ በገበያ ላይ ከዋለና በ1887 የማግኒዥየም ብልጭታ ዱቄት ከተፈለሰፈ በኋላ ነው ካሜራ ከፋብሪካ የወጣ ሰሌዳ ይዞ ወደ ጨለማ ስፍራ ለመግባት የደፈረው።

የሙያ ባልደረባችን አልፍሬድ ኢልግ

በደረቁ ሰሌዳ ዘመን በአገራችን ቤተ መንግሥት ካሜራ ከያዙት ሰዎች መካከል አንዱ መሐንዲስ ነው። በ1854 የተወለደው የስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ከተማረ በኋላ በ1879 አንኮበር ገባ። በንጉሥ፣ ኋላም በዐፄ ምኒልክ አገልግሎት በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት የቧንቧ ውሃ አስገባ፤ በ1894 የባቡር ሐዲዱን የሥራ ፈቃድ ተቀበለ። በ1897 የመንግሥት አማካሪ ተብሎ ተሾመ፤ ከዐድዋ ድል በኋላ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በተደረገው ድርድርም የንጉሠ ነገሥቱ ቀኝ እጅ ሆኖ ሠራ።

ሎውልና ኢልግ እርስ በርስ ሲነጻጸሩ የሚያስገርም ተመሳሳይነት አላቸው። ሁለቱም የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ ለእንግዳ ተቀባያቸው መንግሥት በዲፕሎማሲ አገለገሉ፤ ሁለቱም ቤተ መንግሥቱን ከውስጥ ያዩት በንጉሡ ፈቃድ ነው። ልዩነታቸው በጊዜ ነው። ሎውል በሴኡል የቆየው ጥቂት ወራት ሲሆን፣ ኢልግ ግን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ኖረ። ስለዚህ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የኢትኖግራፊ ሙዚየም በሚገኙት የኢልግ ፎቶግራፎች ውስጥ የምናየው የአንድ ጉብኝት ትዝታ ሳይሆን የአንድ ሠራተኛ የዘመናት ማስታወሻ ነው።

ለመሐንዲስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ግቢ በጭቃና በእንጨት፣ በድንጋይና ከውጭ በመጣ ቆርቆሮ መካከል የሚሸጋገር የግንባታ ታሪክ ነበር። ጎን ለጎን የተጋጠሙ ሦስት ጣሪያዎች ያሉት ታላቁ የግብር አዳራሽ ራሱ የዚህ ሽግግር ምልክት ነው። በዚህ ግቢ የሚገኙት ጥንታዊ ሕንፃዎች ታድሰው፣ ስፍራው በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። አሁን ወደዚያ የሚገባ ተማሪ የሚያየውን ጣሪያና የመቶ ዓመቱን ፎቶግራፍ በአንድነት ቢመለከት፣ ምን እንደ ተለወጠና ምን እንደ ጸና በዐይኑ ይማራል።

ከመልእክተኛ ወደ መለኪያ

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉም ይበልጥ ወደ ሙያችን ይቀርባል። በ1905 ፍሪድሪክ ሮዘን የጀርመን መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ወደ ዐፄ ምኒልክ መጣ። ከዚህ የዲፕሎማሲ ጉዞ ተከትሎ በ1906 በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጥናት ቡድን ወደ አክሱም ተላከ። በቡድኑ ውስጥ ሁለት የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ዳንኤል ክሬንከርና ፎቶግራፎቹን ያነሣው ቴዎዶር ፎን ሉፕኬ። ውጤቱ በ1913 በአራት ቅጽ ታትሟል።

ፎን ሉፕኬ ተራ ፎቶግራፍ አንሺ አልነበረም። በጀርመን አልብሬሽት ማይደንባወር የተባለ የሕንፃ ባለሙያ በ1858 የቬትስላርን ካቴድራል ሲለካ ከከፍታ ሊወድቅ ለጥቂት ከተረፈ በኋላ፣ ሕንፃ ላይ ሳይወጡ በፎቶግራፍ መለካት ይቻላል የሚል ሐሳብ አመነጨ። ይህ ሐሳብ አድጎ በ1885 በበርሊን ሕንፃዎችን በፎቶግራፍ የሚለካ የመንግሥት ተቋም ተመሠረተ። ፎን ሉፕኬ ከጊዜ በኋላ የዚህ ተቋም ኃላፊ ሆኗል። ዛሬ ፎቶግራሜትሪ ብለን በኮምፒዩተር የምንሠራው ጥበብ ከዚያ የመነጨ ነው።

አሁን ወደ ቤተ መንግሥት ነገር ልመለስ። የ1906ቱ ቡድን በአክሱም ከቆፈራቸው ፍርስራሾች አንዱ ታዕካ ማርያም የተባለው ሰፊ የጥንት ሕንፃ ነው። ታዕካ በግእዝ ቤተ መንግሥት ማለት ነውና ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ቡድኑ መሠረቱን ለክቶ፣ ፕላኑን ነድፎ፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ ሄደ። ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን በዚያ ላይ የመኪና መንገድ ተሠራበትና ፍርስራሹ አብዛኛው ጠፋ። ዛሬ ስለ ታዕካ ማርያም አደራረግ የሚያስተምር ሁሉ የሚያስተምረው ከ1906ቱ ወረቀትና መስተዋት ነው። የአንድ ሥልጣኔ ታላቅ ቤት ከሥዕሉና ከፎቶግራፉ በቀር ሌላ አልቀረለትም። መንገዱንም የቀየሰው፣ እንደ እናንተና እንደ እኔ ያለ አንድ መሐንዲስ መሆኑን አንርሳ።

የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ

አሁን ወደ ርእሴ እምብርት ደረስሁ። ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ በጽድ ደን የተከበበው ታላቅ ዋሻ በውስጡ ሁለት ሕንፃዎችን አቅፏል። አንደኛው ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድመው በነገሡት በካህኑ ንጉሥ በይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛውን ትውፊት የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነው ይላል። ከበስተኋላ የንጉሡ መቃብርና የብዙ ምእመናን አፅም ይገኛል። በአገራችን የነገሥታት መኖሪያ በአብዛኛው ድንኳን ወይም ከጊዜ ጋር የሚፈርስ ቤት ስለ ነበረ፣ ከዛጉዌ ዘመን ጋር ተያይዞ የሚነሣ፣ ጣሪያ ኖሮት ቆሞ የሚታይ የንጉሥ ቤት ማግኘት ብርቅ ነው። በላሊበላም ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከቤተ ክርስቲያንነቱ በፊት የንጉሥ መኖሪያ ሳይሆን አልቀረም የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አሠራር ለመሐንዲስ ትምህርት ቤት ነው። አግድም የተዘረጋ የእንጨት ወራጅ፣ ከዚያ በላይ በነጭ የተለሰነ የድንጋይ ድርድር፣ ዳግመኛም እንጨት፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል። ግድግዳው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እየገባና እየወጣ የሚሄድ ስለሆነ ቀጥ ካለው ይልቅ ለግፊት ይጸናል። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ መጨፍለቅን እንጂ መሳብን አይችልም፤ እንጨቱ የዛሬው የብረት ማሰሪያ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ይህ ከአክሱም የወረደ ጥበብ ነው። በደብረ ዳሞ እናገኘዋለን፤ በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ደግሞ ጠራቢዎቹ ይህንኑ የእንጨትና የድንጋይ ድርድር በአንድ አለት ላይ በመቅረጽ አስመስለውታል። በውስጡም በእንጨት የተዋበው ጣሪያና የግድግዳ ሥዕሎቹ ከአገራችን ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው።

ይህ ሁሉ እንጨት ለብዙ መቶ ዓመታት እንዴት ቆየ? ዋሻው ራሱ ጣሪያ ስለሆነ ነው። ዝናብ አይነካውም፤ ፀሐይ አያሰነጥቀውም። ይህ ማለት የሕንፃው ዕድሜ በዋሻው አየር ሚዛን ላይ የተመሠረተ ነው። በቅርብ ዘመን የዋሻውን አፍ የሚዘጋ ግንብ ተሠርቷል። ጥበቃ ይሰጣል፤ ነገር ግን የብርሃኑንና የነፋሱን መንገድ ለውጦታል። ለውጡ እርጥበቱን ጨመረው ወይስ ቀነሰው? ልስኑ ከግንቡ በኋላ ፈጥኖ ረግፏል ወይስ አልረገፈም? ለዚህ ከግንቡ በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ይታዩ ዘንድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዋሻ ከውጭ ሰዎች የቀረው ጥንታዊ ጽሑፍ የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ የነበረው የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው፤ ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ቆይቶ ያየውን በ1540 አሳተመ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1939 ሞንቲ ዴላ ኮርቴ የመራው ቡድን የላስታን የመካከለኛ ዘመን ሕንፃዎች አጥንቶ በ1940 ሮም ላይ መጽሐፍ አወጣ። ከዚያም የስዊሱ ፎቶግራፍ አንሺ ጌኦርግ ጌርስተር በ1960ዎቹ ያነሣቸው ሥዕሎች የላስታን አብያተ ክርስቲያናት ለዓለም አስተዋወቁ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው መዝገበ ሥዕላትም የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በብዛት ሰብስቧል። የወረራው ዘመን ሥራ ዕዳም ማስረጃም ነው። በአክሱም ቤተ መንግሥት ላይ መንገድ የሠራው አገዛዝ በላስታ መለኪያ ይዞ ዞሯል። እኛ ዛሬ ልኬቱን እንጠቀምበታለን፤ ዓላማውን ግን አንረሳም።

ፎቶግራፍን እንደ መሐንዲስ ማንበብ

ፎቶግራፍ አይዋሽም ይባላል። እኔ ግን፣ ጠያቂው ካላወቀበት ያሳስታል እላለሁ። ስለዚህ አራት ነገሮችን ላሳስብ።

አንደኛ፣ የጥንቱ ሰሌዳ ለሰማያዊ ብርሃን እንጂ ለቀይ አይሰማም ነበር። በቀድሞ ፎቶግራፍ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ነገር በእውነቱ ቀይ ቀለም ሊሆን ይችላል፤ ነጣ ብሎ የሚታየውም ሰማያዊ። የግድግዳ ሥዕልን ቀለም ከእንዲህ ያለ ፎቶግራፍ መወሰን ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ ያለው የጥቁርና የነጭ ልዩነት ካሜራን ያስቸግራል። ለነጩ ልስን የሚበቃ ጊዜ ለእንጨቱ ያንሳል፤ ለእንጨቱ የሚበቃው ልስኑን ያቃጥለዋል። ስለዚህ እንጨቱ በጨለማ ተውጦ በሚታይበት ሥዕል ላይ ስንጥቅ አለመታየቱ ስንጥቅ አለመኖሩን አያመለክትም።

ሦስተኛ፣ ሌንሱና የቆመበት ስፍራ ሳይታወቅ የግድግዳ ዝንባሌ አይለካም። ካሜራው ወደ ላይ ከቀና ቀጥ ያለ ግድግዳ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። በሥዕሉ ውስጥ ልኩ የሚታወቅ ነገር፣ የበር መቃን ወይም የመስኮት ክፈፍ ከተገኘ ግን፣ የቆመበትን ስፍራ በስሌት መመለስ ይቻላል።

አራተኛ፣ በፍሬሙ ውስጥ የሌለው ነገር እንዳልነበረ አይቆጠር። መልእክተኛው ያነሣው የደነቀውን ነው። የንጉሡን ዙፋን፣ የአዳራሹን ፊት ያነሣል፤ የጓዳውን ግድግዳ፣ የውሃ መውረጃውን፣ የመሠረቱን ጥግ አያነሣም። እኛ ግን የምንፈልገው እነዚያን ነው።

አንድ ተቃውሞና አንድ ጥያቄ

ከመካከላችሁ «ዛሬ በሌዘር የሚለካ መሣሪያ ሳለ ስለ አሮጌ መስተዋት ምን ያስጨንቀናል?» የሚል ሊኖር ይችላል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ ዘዴ መዝግቧልና ጥያቄው አግባብ አለው። መልሴ ይህ ነው፤ ሌዘር የዛሬን ይለካል፤ ትናንትን ሊለካ አይችልም። በላሊበላ በ2008 ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የቆሙት መከለያዎች ያስነሡት ክርክር የሚፈታው፣ ድንጋዩ ከመከለያው በፊት እንዴት እንደ ነበረ በሚያሳይ ማስረጃ ነው። ከዚህም በላይ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ላስታ የጦርነት ምድር ሆኖ ማለፉን ሁላችን እናውቃለን። ሕንፃዎቹ ተረፉ፤ ነገር ግን ማስረጃን ለነገ ማቆየት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚያ የበለጠ አስተማሪ አያስፈልገንም።

ጥያቄው ግን ከእኔ አይደለም። በዋሻው ውስጥ የአንድን መስኮት ክፈፍ ስለካ፣ በእድሜ የገፉ አንድ የደብሩ አገልጋይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሲመለከቱኝ ቆዩና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሥዕል ወዴት ነው የምትወስዱት?» አሉኝ። «ወደ አዲስ አበባ ነው፣ አባ፤ ለጥናት ነው» አልኋቸው። «ይሁን፤ ብዙ ሰው አንሥቶ ሄዷል። ተመልሶ ያሳየን ግን የለም። እኛ ደግሞ የምንጠብቀው ይህንኑ ነው» አሉኝ። ንግግራቸው የቁጣ አልነበረም፤ የቆጠራ ነበር።

የእኒህ አባት ቃል የጉዳያችን ዋና ነገር ይመስለኛል። የኢልግ ፎቶግራፎች በዙሪክ፣ የመዝገበ ሥዕላቱ በቶሮንቶ ይጠበቃሉ። ተጠብቀው መኖራቸው ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ ሕንፃውን ሌሊትና ቀን የሚጠብቀው፣ ልስን ሲረግፍ መጀመሪያ የሚያየው፣ ውሃ ሲንጠባጠብ መጀመሪያ የሚሰማው ሰው የሚያነጻጽርበት አንድ ወረቀት በእጁ የለውም። ማስረጃው ከሕንፃው ርቆ ሲኖር፣ ሕንፃው በታመመ ጊዜ ሐኪሙ የበሽተኛውን መዝገብ ባሕር ማዶ እንደሚፈልግ ያህል ነው።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

ስለዚህ ሐሳቤን በጥቂት ነጥቦች አቀርባለሁ፤ ሁሉም በአነስተኛ ወጪ ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።

1ኛ. ከቤተ ክህነትና ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ጋር ተመካክረን፣ በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ቋሚ የማንሻ ስፍራዎች እንወስን። በሕንፃው ላይ ምንም ነገር ሳይቸነከር፣ ርቀታቸው ከመድረኩና ከበሮቹ ተለክቶ በጽሑፍ ይያዝ። በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ስፍራ ይነሣ።

2ኛ. በየፎቶግራፉ ውስጥ የመለኪያ ዘንግና የቀለም መለያ ካርድ ይቀመጥ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሌንሱ ዐይነትና የአንሺው ስም አብሮ ይጻፍ። ይህን የማያሟላ ሥዕል ለመታሰቢያ ያገለግል ይሆናል እንጂ ለምህንድስና ማስረጃ አይሆንም።

3ኛ. ለቅድስናው ተገቢው ክብር ይሰጥ። መቅደሱ ካህናቱ በፈቀዱት መጠን ብቻ፣ ካልፈቀዱም ጨርሶ ሳይነካ ይቅር። ከካህናቱ ጋር ያልተስማማ ጥናት አንድ ዓመት ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ሃምሳ ዓመት ግን አይዘልቅም።

4ኛ. ከእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለደብሩ፣ አንዱ ለቅርስ ባለሥልጣን፣ አንዱ ለማኅበራችን ቤተ መጻሕፍት። የደብሩ ቅጂ በወረቀት ታትሞ፣ በአማርኛ ተብራርቶ የተጠረዘ ይሁን። መብራት በማይደርስበት ስፍራ የኮምፒዩተር ፋይል ማስቀመጥ ማስረጃውን ሁለተኛ ጊዜ ወደ ውጭ እንደ መላክ ነው።

5ኛ. በውጭ አገር ቤተ መዛግብት ለሚገኙ የቀድሞ ፎቶግራፎች ማኅበራችን በስሙ ደብዳቤ ጽፎ ቅጂ ይጠይቅ። የምንጠይቀው እንደ ባለሙያ ነው፤ ምን እንደምንሠራበት አስረድተን የምንጠይቅ ከሆነ እንደምንሰማ አምናለሁ።

የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በ1948 በእንግሊዛዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ በዴሬክ ማቲውስ ሲታደስ፣ ከአርባ ሁለት ዓመት በፊት የ1906ቱ ቡድን ያጠናው ሕንፃ ነበርና ለማነጻጸር መነሻ አለው። ይምርሐነ ክርስቶስም እንደ ደብረ ዳሞ ሁሉ አንድ ቀን የጠጋኝ እጅ ማስፈለጉ አይቀርም። ምናልባት ያ ጠጋኝ ገና ያልተወለደ፣ የእኛን ስም የማያውቅ መሐንዲስ ይሆናል። አንድ የእንጨት ወራጅ ሊለውጥ ሲነሣ «ይህ መቼ ሰነጠቀ?» ብሎ ይጠይቃል። የማኅበራችን መዝገብ መልሱን በዓመትና በሚሊሜትር ሊሰጠው ይችላል። ዛሬ ካልጀመርን ግን በግምት ይቆርጣል፤ በታሪካዊ ሕንፃ ላይ በግምት የተቆረጠ እንጨት ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም።

ስለዚህ ጉባኤው በሚቀጥለው በጀት ለመጀመሪያው ዓመት ሥራ የሚበቃ ገንዘብ እንዲመድብና ከአባላቱ መካከል ሦስት ሰዎች ለዚሁ እንዲመርጥ በአክብሮት አሳስባለሁ። እኔም ከሦስቱ አንዱ ብሆን ደስ ይለኛል፤ ባልሆንም የተመረጡትን እረዳለሁ።